ምን ይዤ ልሂድ?

ትናንት ማታ አንድ የድሮ ተማሪዬ “ቲቸር፣ በጎ ፈቃደኛ ሆኜ ወምበርማ ቆላ ላስተምር ልወርድ ነው፤ ምን ይዤ ልሂድ?” ብሎ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። በሁለት መስመር ልመልስለት ጀምሬ ረዘመብኝ። ስንት ልጅ ከትምህርት በራቀበት በዚህ ጊዜ ሌሎቻችሁም እንደሱ ሳታስቡ አትቀሩምና እዚሁ ልጻፈው።

እኔ የወረድኩት በ2003 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። ዲፕሎማዬን ይዤ ምደባ እየጠበቅሁ ደምበጫ ቤተሰብ ቤት ተቀምጫለሁ። አስተማሪ ያጣ የዳስ ትምህርት ቤት አለ ሲሉኝ፣ ቁጭ ብዬ እንጀራ ከምጨርስ ብዬ ያለ ደመወዝ ተነሳሁ። በጅጋ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በማንኩሳ አድርገን ቡሬ፤ ከቡሬ አይሱዙ ጭነት ላይ ተቀምጬ ሽንዲ። (ማንኩሳን ስናልፍ የ“ፍቅር እስከ መቃብሩ” በዛብህ ትዝ አለኝ። እሱም’ኮ ከአገሩ ወጥቶ አስተማሪ ነበር። ዕጣውን አይስጥህ እንጂ!)

ከሽንዲ በኋላ እግር ነው። ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል እየወረድክ በሄድክ ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል፣ ሣሩ ሰው ይውጣል፣ ጫካው ውስጥ ዝንጀሮ ይጮህብሃል። ስደርስ ልብሴ ከላዬ ላይ ተጣብቋል። ትምህርት ቤቱ በቅጠል የተከደነ ዳስ ነው፤ መቀመጫው ግንድ፣ ሰሌዳው ከምሰሶ ጋር የተደገፈ። የመጡት ልጆች አስራ አንድ። ሌሎቹስ? ማማ ላይ ናቸው፤ በቆሎው ደርሷል፣ ወንጭፍ ይዘው ዝንጀሮና ጦጣ ይጠብቃሉ።

ምን ልታስተምር ነው ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሁሉም የሚጠይቁኝ “መቼ ትሄዳለህ?” ነው። ያረፍኩበት ቤት ሽማግሌም ገና እግሬን ሳልታጠብ ያንኑ ጠየቁኝ። “ምደባዬ እስኪመጣ ነው፣ አባባ” አልኳቸው። “እንግዲያው ፈጠን በልና ፊደሉን አስጨርስልን” አሉኝ።

ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ከስልቻ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። “እስቲ ይችን አንብብልኝ።” ተቀብዬ በኩራዝ አየሁት። የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀት ነው። የራሳቸው! ማንበብና መጻፍ መቻላቸውን የሚመሰክረውን ወረቀት እኔ አነበብኩላቸው። ስማቸው ላይ ስደርስ “እኔ ነኝ እሱ” አሉ ፈገግ ብለው።

ከዚያ ታሪኩን አወጉኝ። በ1967 ዓ.ም. ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደየገጠሩ ሲሄዱ እሳቸው ጋም ደርሰዋል። የካቲት 25 የመሬት አዋጁ ወጣና “ወሬያቸው ሁሉ መሬት ሆነ፤ ፊደሉን ከመሐል ላይ ጣሉት” አሉኝ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ደግሞ ሌሎች ልጆች መጡ። የዚያኔ በደንብ ተማሩ፣ ተፈተኑ፣ አለፉ። “ታዲያ ምን ነካዎት?” አልኳቸው። “ልጆቹ ሄዱ። እዚህ ቆላ የሚነበብ ነገር የት አለና! ሳላየው ስከርም ጠፋኝ።”

ያን ሌሊት ብዙ አልተኛሁም (ትንኙም አለበት መቼም)። በኮሌጅ ስለ ማስተማር ዘዴ ያልተማርኩት ነገር የለም፤ አስተማሪው ከሄደ በኋላ ልጁ ምን ያነባል የሚለውን ግን ያነሳብን ሰው ትዝ አይለኝም።

ስለዚህ አንተ ከጠመኔው በፊት የሚነበብ ነገር ያዝ። ያረጀ መጽሐፍ፣ ጋዜጣ፣ የተረት መጽሐፍ፣ የስኳር መጠቅለያም ቢሆን። እኔ ጋ የነበረው አንድ የአማርኛ መማሪያ ብቻ ነው። ከሱ ላይ በእጅ እየገለበጥን እያንዳንዱ ልጅ በየሳምንቱ አንድ ገጽ ይዞ ይሄዳል፣ ማታ ለቤተሰቡ ያነባል። ማማ ላይ ያሉትን ከወንድም ከእህቶቻቸው ጋር እየተቀያየሩ እንዲመጡ አደረግን፤ የከሰዓቱ ፈረቃ እንዲያውም ይበልጥ ነበር። ትልልቆቹ ደግሞ የእድሩን መዋጮና የእህሉን ብድር መጻፍ ያዙ። አባቶች ልጆቻቸውን ማማ ላይ ማቆየት የቀነሱት ያኔ ነው፤ ያበደሩት ጤፍ በልጃቸው እጅ ተጽፎ ሲያዩ።

የሽማግሌው የልጅ ልጅ ገጿን ለአያቷ ታነብላቸው ነበር። እሳቸውም ስማቸውን መልሰው ለዩ፤ ለቀረው ግን ዓይናቸው እምቢ አለ። እንዲያውም መነጽር ብይዝ ኖሮ ከመጽሐፉ ይበልጥ ሳይጠቅማቸው አይቀርም።

ምደባዬ ጥር ላይ መጣ። አልቅሰው አልሸኙኝም፤ ከመጀመሪያው ቀን ነግሬያቸዋለሁ። አንተም መቼ እንደምትመለስ ሲጠይቁህ ቀኑን ቁርጥ አድርገህ ንገራቸው፤ “እናንተን ትቼማ የትም አልሄድም” አትበላቸው። ከአንተ በፊት ይህን የሰሙ ሰዎች ናቸው።

ሌላው ቀላል ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባው ቀልድ አያውቅም፣ አጎበር እንዳትረሳ። ቆዳ ጫማህን ቤት ተወውና ኮንጎ ግዛ። ሽንዲ ስትደርስ ደውልልኝ፤ ከዚያ በታች በእኔ ጊዜ ኔትወርክ አልነበረም።