መስኮትና ስክሪን

ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር የሌላት አገር መርከበኛ ታሠለጥናለች ሲባል ፈገግ የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን እውነት ነው፤ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የማሪታይም ማሠልጠኛ የመካኒካልና የኤሌክትሪካል ምሕንድስና ምሩቃንን እየተቀበለ ለመርከብ መኮንንነት ያበቃል። የእኅቴ ልጅ አንዱ ነው፤ የላሊበላ ልጅ፣ የመርከብ ኤሌክትሪክ መኮንን። መርከቡን አይነዳም፤ ነጂዎቹ የሚተማመኑባቸውን መሣሪያዎች ግን የሚጠግነው እሱ ነው።

ለእረፍት የመጣ ጊዜ ሦስታችን አሸተን ማርያምን ልንሳለም ወጣን። ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ልብ ያወልቃል። በዐለቱ መካከል ባለው ጠባብ መተላለፊያ ስንደርስ ጉም ወረደብን።

«ባሕር ላይ እንዲህ ሲሆን ምን ታደርጋላችሁ?» አለችው እናቱ።

«ስክሪን አለን፣ እማዬ።»

ስክሪን ያለው ኤክዲስ የሚሉትን የኤሌክትሮኒክ የባሕር ካርታ ነው። ድሮ መኮንኑ መርከቡ ያለበትን ቦታ በወረቀት ካርታ ላይ በእርሳስ ያሰምር ነበር፤ ዛሬ መርከቡ በስክሪኑ ላይ ሲሄድ ይታያል። ዓለም አቀፉ ሕግ ከ2004 እስከ 2010 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ትልልቅ መርከቦች ደረጃ በደረጃ እንዲይዙት አስገደደ። መኮንኖቹ 40 ሰዓት ያህል ይማሩታል። አንድ የሥራ ሳምንት መሆኑ ነው!

መስከረም 8 ቀን 2006 ዓ.ም. ኦቪት የተባለች የአትክልት ዘይት የጫነች መርከብ ከእንግሊዝ አጠገብ፣ በዶቨር የባሕር መተላለፊያ፣ አሸዋ ላይ ተቀመጠች። የጉዞዋን መሥመር በአሸዋው ክምር ላይ ያሰመረው ልምድ ያልነበረው መኮንን ነበር፤ ያረመው የለም። የማንቂያው ድምፅ አይሠራም። ተረኛው መኮንን መርከቧ መቆሟን ለማወቅ 19 ደቂቃ ፈጀበት። ሥልጠናውን ግን ወስደዋል፤ ምስክር ወረቀቱም ነበራቸው።

«ጋሼ፣ ቁልፍ መጫን ማንም ይለምዳል» አለኝ የእኅቴ ልጅ። «ስንት ሜትር ጥልቀት ሲቀር እንዲጮህ እንዳዘዝከው ካላወቅህ ምን ዋጋ አለው? ደግሞ አንቴናው ከዋሸ ስክሪኑም ይዋሻል፤ ያውም አምሮበት።» ስለዚህ ጥሩ አሠልጣኝ ሆን ብሎ የተሳሳተ ቦታ ያሳያቸዋል አሉ፤ ራዳሩን አይተው፣ በመስኮት አሻግረው ተመልክተው ይደርሱበት እንደሆነ ለማየት። ለእኔ ከ40 ሰዓቱ ሁሉ የሚበልጠው ይኸኛው ነው። የየፋብሪካው መሣሪያ ስለሚለያይም መርከብ በቀየሩ ቁጥር እንደገና መልመድ አለባቸው።

እኅቴ ይህን ሁሉ ዝም ብላ ስትሰማ ቆየችና፣ «ያ ደወል በእናንተ መርከብ ይሠራል?» አለች።

«ከወደብ ሳንወጣ እኔው አስጮኸዋለሁ።»

«አንተ ስትተኛስ?»

«ያን ጊዜማ ዓይኑን የገለጠ ተረኛ ይስጠን ብለሽ እዚሁ ለማርያም ንገሪልኝ» አላት።