ሲሮጡ የታጠቁት

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ አበው። እኔ ይህን ተረት ልቤ ውስጥ ያስገባሁት ባለፈው ክረምት፣ እዚያው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ረዳት አብራሪ ነው። በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ካለ አንድ አየር መንገድ የሥራ ጥሪ መጣለት። እዚያ ያለ የቀድሞ ባልደረባው ደውሎ የደመወዙን መጠን ሲነግረው ቤቱ በደስታ ተናጋ። እማዬ ወዲያው ቡና አቀራረበች። አባዬ ደግሞ «በቃ፣ የጣራው ነገር አለቀለት» አለ። የሚያፈሰውን ጣራችንን ማለቱ ነው።

እኔ በዚያው ሰሞን የዜና አጻጻፍ ኮርስ ጨርሼ ነበር። «ወንድም ጋሼ፣ ውሉን አንብበኸዋል?» አልኩት።

«ምኑ ይነበባል? ጓደኛዬ እኮ ነው የነገረኝ!»

«ጓደኛህ ካፒቴን ነው፤ አንተ ረዳት ነህ።»

ዝም አለ። ጓደኛው አልዋሸውም፤ የነገረው ግን የራሱን እውነት ነበር።

ማታ ማታ ወረቀቱን ዘርግተን ክፍል ውስጥ የተማርኳቸውን ጥያቄዎች ማንሳት ጀመርን፦ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት። ደመወዝ የተባለው ገንዘብ ሲፈተሽ ከፊሉ የቤትና የበረራ አበል ሆኖ ተገኘ። በዚያ አገር የሥራ ስንብት ክፍያ የሚሰላው ደግሞ በመሠረታዊው ደመወዝ ብቻ ነው፤ ለመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን። አበሉ አይቆጠርም።

ፈቃዱስ? አንድ አብራሪ የሌላ አገር አውሮፕላን ለማብረር አውሮፕላኑ የተመዘገበበት አገር ፈቃድ ሊሰጠው ወይም የያዘውን ሊያጸናለት ይገባል። ስለዚህ የፈተናውንና የሕክምና ምርመራውን ወጪ የሚችለው ማን ነው? ምርመራውን ቢወድቅስ? የሙከራ ጊዜው እስከ 6 ወር ሊደርስ ይችላል። የመኖሪያ ፈቃዱም ከሥራው ጋር የታሰረ ነው፤ ሥራው ቀርቶ ሌላ ቀጣሪ ካልተገኘ ሻንጣ ሸክፎ መመለስ ነው።

«አንቺ ደግሞ ሟርተኛ ነሽ!» አለኝ። እኔም የሆነውን ነገርኩት። የሕንዱ ኪንግፊሸር እ.ኤ.አ. በ2012፣ ጄት ኤርዌይስም በ2019 በረራ ሲያቆሙ ደመወዛቸውን ሳያገኙ የቀሩ አብራሪዎች ነበሩ። በ2020 ኮሮና ሰማዩን ሲዘጋ ደግሞ የባሕረ ሰላጤው ትልልቅ አየር መንገዶች ሳይቀሩ አብራሪ ቀንሰዋል። ትልቅ ስም ዋስትና አይሆንም ማለት ነው።

ዋስትና ካልን አይቀር፣ ዋናው ነገር የተገኘው ከአዲሱ ውል ውስጥ አልነበረም። ከቁም ሳጥኑ በታች፣ ወንድሜ ለሥልጠና ሲገባ የፈረመው የድሮ ውል ነበር። የአገልግሎት ግዴታውን ሳይጨርስ ቢለቅ የሥልጠናው ወጪ ይጠየቃል። ዋስ ሆነው የፈረሙት ደግሞ አጎታችን ናቸው። ጡረተኛ ናቸው። ከዚያች ፊርማ በኋላ አንድም ቀን አንስተውብን አያውቁም። ወንድሜ ወረቀቱን ሁለቴ አነበበውና «ጋሼን ረስቻቸው ነበር» አለ። ሌላ አልተናገረም።

ውድ አንባቢያን፣ እዚህ ላይ ራሴን ጥሩ ጋዜጠኛ አድርጌ ብጨርስ ደስ ባለኝ። ግን አንድ ነገር አለ። ያን ሁሉ ጥያቄ ስጠይቅ፣ ውስጤ ወንድሜ እንዲቀርልኝ ይፈልግ ነበር። እንዳይሄድ የሚያደርገውን መረጃ ፈልጌ ፈልጌ ሳገኝ፣ እንዲሄድ የሚያደርገውን አልፌዋለሁ። ለምሳሌ ደመወዙ ላይ የገቢ ግብር እንደማይቆረጥ አይቼ ዝም ብዬ ነበር። ኋላ ላይ አፍሬ ነገርኩት። ሳቀና «ይሄንንማ አውቀዋለሁ፤ አንቺ እስክትናገሪ ነው የጠበቅኩት» አለኝ።

ወንድሜ አልቀረም፤ አልሄደምም። የቀረውን ግዴታ ጨርሶ፣ የአጎታችንን ስም አስፍቆ ሊሄድ ወስኗል። እስከዚያ ለአዲሱ ቀጣሪ የሚያቀርባቸውን ጥያቄዎች በጽሑፍ አዘጋጅቷል፤ መልሱንም በጽሑፍ እንጂ በስልክ አይቀበልም። ጣራው አሁንም ያፈሳል። አባዬ ከሥሩ ባልዲ አስቀምጦ «ቀስ ብሎ የታጠቀ ሩቅ ይሄዳል» እያለ ራሱን ያጽናናል።

ቸር ያሰንብተን።