የጡቡ ስባሪ

በታይላንድ አገር ወንዞች የከበቧት አዩትያ የምትባል ከተማ አለች። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1350 ዓ.ም. ተመሠረተች፤ አራት መቶ ዓመት ያህልም የነገሥታት መቀመጫ ሆነች። በ1767 ዓ.ም. ግን የበርማ ጦር አቃጠላት።

አንድ መንገደኛ በቀትር ሐሩር ፍርስራሽዋን ሊያይ ሄደ። ላቡን እየጠረገ ዋት ማሃታት ወደሚባለው ጥንታዊ ገዳም ገባ፤ በዚያም የዛፍ ሥሮች ያቀፉትን የቡድሃ ምስል ራስ አይቶ ተደነቀ። ሲመለስም ለመታሰቢያ ብሎ የጡብ ስባሪ ከመሬት አነሣ።

ሽማግሌው ዘበኛ አይቶት፥ «ልጄ ሆይ፥ ጦር ያስቀረልንን እንግዳ አንዳንድ ጡብ እየወሰደ ቢጨርሰው፥ ለልጆቻችን ምን ይተርፋል?» አለው። መንገደኛውም አፍሮ ስባሪውን በስፍራው መለሰ።

ልጆች ሆይ፥ ጥቂት ነው ብላችሁ የሌላውን ገንዘብ አትንኩ፤ ሺህ ጡብ የሚያልቀው አንድ አንድ እየተባለ ነውና።