ከታናሽ ወንድሜ ጋር በሁንጋሮሪንግ

ስለ ቡዳፔስት ከተማ፣ ስለ ፍል ውኃዋ፣ ስለ ድልድዮቿና ስለ ትልቁ ምኵራብ ከዚህ ቀደም ብዙ ሰው ጽፎአል። እኔ የምጽፍላችሁ ግን ከከተማዋ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ስለሚገኘው የመኪና እሽቅድምድም ሜዳ ነው። የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ስለ መኪና ምን አገባት ብትሉ አልፈርድባችሁም። እኔ ራሴ መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት በ29 ዓመቴ፣ ያውም በሦስተኛው ፈተና ነው።

ነገሩ የወንድሜ ነው። እኔ በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ስመጣ የሦስት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ እርሱ ግን እዚሁ ነታንያ ተወለደ፣ በስምንት ዓመት ያንሰኛል። ከሠራዊት ከወጣ በኋላ በአንድ ፓንቸርያ ተቀጥሮ ጎማ ይቀይር ነበር። ባግሩቱ ሁለት ፈተና ይጎድለዋል። እኔ በሥራዬ ስለ ሰው ልጆች ትምህርት በየስብሰባው እየተናገርሁ፣ ማታ ቤት ስገባ ጥፍሩ በቅባት የጠቆረ ወንድሜን ሳየው ሆዴ ይባባ ነበር። አንድ ቀን «ፎርሙላ አንድ ላሳይህ» አልሁት። በደስታ አቀፈኝ። በቦርሳዬ ውስጥ የሃንደሳይ ኮርስ መመዝገቢያ ቅጽ ይዤ እንደምሄድ ግን አልነገርሁትም። ከቤት ርቆ ልቡ ደስ ሲለው ያኔ አወጣዋለሁ ብዬ ነበር።

እናታችን ሲሰሙ፣ «መኪና ሲዞር ለማየት ባሕር ትሻገራላችሁ? ያውም በአብ ወር፣ በጾሙ ወር!» አሉ። እውነታቸውን ነበር። ውድድሩ የሚደረገው እሑድ ኦገስት 4 ቀን 2019፣ በአብ ወር በሦስተኛው ቀን ነበር። ሆኖም ቲኬቱ ተገዝቶ ስለ ነበር ሁለት ድፎ ዳቦና አንድ ከረጢት ቆሎ አሲዘው መርቀው ሸኙን።

ቅዳሜ የማጣሪያው ቀን ነበር። ሰንበት ስለ ሆነ አልሄድንም። ወንድሜ በዚህ ይከራከረኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ምንም አላለም። በዳኑብ ወንዝ ዳር በእግራችን ሄደን፣ በጦርነቱ ጊዜ በወንዙ ዳር ለተረሸኑት አይሁድ መታሰቢያ የቆሙትን 60 ጥንድ የብረት ጫማዎች አየን። ከእነርሱ ውስጥ የሕፃን ጫማ አለ። እርሱ አጠገብ ወንድሜ ብዙ ቆመ። ማታ ሰንበት ሲወጣ ስልኩን ከፈተና የሃያ አንድ ዓመቱ ሆላንዳዊ ማክስ ፌርስታፐን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የአንደኝነትን መነሻ ቦታ እንዳገኘ ነገረኝ።

እሑድ በማለዳ በቀዩ የምድር ባቡር እስከ መጨረሻው ጣቢያ ሄደን፣ ከዚያ ወደ አረንጓዴው የአውራጃ ባቡር ተዛወርን። ከወረድን በኋላ መንገድ መጠየቅ አላስፈለገንም፤ ሰዉን መከተል ብቻ ነው። ብርቱካናማ የለበሱት ሆላንዶች ናቸው። ነጭና ቀይ ባንዲራ የያዙት የፖላንድ ሰዎች ሮበርት ኩቢትሳን ሊያዩ የመጡ ናቸው። ይህ ሰው በ2011 በራሊ ውድድር ላይ አደጋ ደርሶበት ቀኝ እጁ ክፉኛ ተጎድቶ፣ ከስምንት ዓመት በኋላ ወደ ፎርሙላ አንድ የተመለሰ ነው። መኪናው ደካማ ስለ ነበረ ያን ቀን ከኋላ ነበር የሚነዳው፤ ባንዲራዎቹ ግን እርሱ ባለፈ ቁጥር ይነሡ ነበር።

ሜዳው በኮረብታዎች መካከል ባለ ሸለቆ ውስጥ ስለ ተሠራ፣ እንደ እኛ ርካሹን ቲኬት ገዝቶ ሣር ላይ የሚቀመጥ ሰውም ብዙውን የመንገዱን ክፍል ያያል። አንዱ ዙር 4.381 ኪሎ ሜትር ነው፤ 70 ጊዜ ይዞራሉ። መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ በመሆኑ ከፊት ያለውን ማለፍ እጅግ ያስቸግራል። የመጀመሪያው ውድድር እዚህ የተደረገው በ1986፣ ሃንጋሪ ገና በኮሚኒስት መንግሥት ሥር ሳለች ነው። በዚያ ዓመት የእኛ ቤተሰብ በጎንደር ገጠር ነበር፤ እናታችን እንደሚያወሩት መኪና የሚታየው ለገበያ ሩቅ መንገድ ሲኬድ ብቻ ነበር።

ውድድሩ የሚጀምረው ከቀትር በኋላ ነው፤ ስለዚህ በፀሐይ ላይ ብዙ ሰዓት ጠበቅን። አጠገባችን የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ሆላንዳዊ ቆሎ ሰጠነውና ገብስ መሆኑን ስንነግረው፣ «ይህንማ እኛ እንጠጣዋለን» ብሎ አሳቀን። ከየት እንደመጣን ሲጠይቅም ወንድሜ «ከነታንያ» ብሎ መለሰ፤ ሌላ ምንም አልጨመረም።

ሰዓቱ ደርሶአል ብዬ እጄን ወደ ቦርሳዬ ስሰድ፣ ወንድሜ ሳይታሰብ ወሬ ጀመረ። በዚያ ዓመት በጁን 30 በኪርያት ኃይም አንድ ወጣታችን በጥይት ከሞተ በኋላ መንገዶች እንዴት ተዘግተው እንደ ነበረ ታስታውሳላችሁ። በዚያው ሳምንት ወንድሜ የአንድ ደንበኛ መኪና ጎማ ቀይሮ ሊሞክረው ሲነዳ አስቆሙት። «መኪናው የማን ነው?» ተባለ። የሥራ ልብስ ለብሶአል፣ የፓንቸርያው ስም ደረቱ ላይ ተጽፎአል፤ ሆኖም ባለቤቱ ራሱ መጥቶ እስኪመሰክርለት ድረስ መንገድ ዳር በፀሐይ አቆሙት። ይህን ለእናታችንም ለእኔም ሳይነግር አንድ ወር አልፎታል።

«ለምን አልነገርኸኝም?» አልሁት።

«እቴ፣ ብነግርሽ ፋይል ትከፍቺልኛለሽ» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። እጄን ከቦርሳዬ አወጣሁ።

ውድድሩ ተጀመረ። ድምፁ እንደ ፈራሁት አልነበረም። በ2014 ሞተሮቹ ከተለወጡ ወዲህ ቀንሶአል ይላሉ፤ ለወንድሜ ይህ ኀዘን ነው፣ ለእኔ ግን በረከት ነበር። ፌርስታፐን ከፊት፣ ሉዊስ ሃሚልተን ከኋላው ሆነው እየተከታተሉ ዞሩ። ሃሚልተን በ39ኛው ዙር ለማለፍ ሞክሮ ከመንገዱ ወጣ ብሎ ተመለሰ። እኔም ይህ ነገር እንዲሁ ሊያልቅ ነው ብዬ ተሰላቸሁ። በ48ኛው ዙር ላይ ሃሚልተን ሳይጠበቅ ለሁለተኛ ጊዜ ጎማ ሊቀይር ገባ። ሲወጣ ከፌርስታፐን ወደ 20 ሰከንድ ርቆ ነበር። ሆላንዶቹ እልል አሉ። እኔም «ተበላሸበት» አልሁ።

«ቆይ» አለ ወንድሜ። «ያኛው በነጩ ጎማ ከ25ኛው ዙር ጀምሮ ነው የሚሄደው። ይሄኛው አዲስ ቢጫ አስገባ። ነጩ ደረቅ ነው፣ ዕድሜ አለው፤ ቢጫው ለስለስ ያለ ነው፣ መንገዱን ይይዛል። ወረቀትና እስክርቢቶ ስጪኝ።»

በቦርሳዬ ውስጥ ሌላ ወረቀት አልነበረም። ቅጹን ገልብጬ ሰጠሁት። ጉልበቱ ላይ አድርጎ ዙሩን በአንድ ወገን፣ በትልቁ ስክሪን ላይ የሚወጣውን ልዩነት በሌላ ወገን እየጻፈ ይቀንስ ጀመር። ሽማግሌው ሆላንዳዊም ከትከሻው ላይ ሆኖ ይመለከት ነበር። ወንድሜ በመካከሉ ቀና ሳይል እንዲህ አለኝ፦ «ሰዎች ጎማ መቀየር ምን ሥራ ነው ይላሉ። እዚህ ሃያ ያህል ሰው ነው የሚቀይረው፤ አራቱንም በሁለት ወይም በሦስት ሰከንድ። አንዱ ዳዶውን ቢያጣምም ሁሉም ይቀራል።» ከዚያ የ66ኛውንና የ67ኛውን ዙር ቍጥር አከበበ። «እዚህ ይደርስበታል።»

በ67ኛው ዙር፣ ከረጅሙ ቀጥታ መንገድ መጨረሻ ላይ ሃሚልተን በውጪ በኩል አለፈው። ብርቱካናማው ኮረብታ ዝም አለ። ሽማግሌው ሆላንዳዊ ግን ለወንድሜ እጁን ዘረጋለት፤ ያሸነፈው እርሱ ይመስል።

እኔ ያሰብሁትን ልናገር። ሃሚልተን በፎርሙላ አንድ ብቸኛው ጥቁር ነጂ ነው፤ ወንድሜም የሚወደው ለዚህ ነው ብዬ ለብዙ ዓመት ገምቼ ነበር። ይህንኑ በባቡር ላይ ስጠይቀው ሳቀ። «ለእርሱም ነው፣ አልዋሽሽም» አለ። «ግን ይበልጥ የምወደው ጎማውን ስለማይጎዳ ነው። ጎማ እንዴት እንደሚያልቅ የሚያውቅ ሰው ነው።»

ባቡሩ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ወረቀቱን ሊመልስልኝ ሲያጥፈው ፊቱን አየ። ርእሱን አነበበ፣ ስሙን በእኔ የእጅ ጽሑፍ ተሞልቶ አየ። እናደዳለሁ ብሎ አልተናደደም፤ ብቻ ሁለት ጣቢያ ያህል ዝም አለ። ከዚያ «ብዙ ሒሳብ አለው?» ሲል ጠየቀኝ። «አለው» አልሁት። «በስሜ ከመሙላትሽ በፊት ብትጠይቂኝ ጥሩ ነበር» አለ። ይቅርታ ጠየቅሁት። በሥራዬ ላይ ለማንም ሰው እንዲህ አድርጌ አላውቅም፤ ለወንድሜ ግን አደረግሁ።

ቤት ስንደርስ እናታችን የጠየቁት የሃሚልተንን አባት ሥራ ነው። ወንድሜም አባትዮው ዘሩ ከግሬናዳ ደሴት እንደ ሆነ፣ ልጁን ለማወዳደርም በአንድ ጊዜ ብዙ ሥራ ይሠራ እንደ ነበረ ነገራቸው። እናታችን ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉና «ልፋቱን ይቍጠርለት» አሉ። ስለ ቆሎው ግን በቂ ነበር ወይ ብለው ሦስት ጊዜ ጠየቁ።

ቅጹ እስከ ዛሬ በእኔ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ በጀርባው ላይ ከ48 እስከ 67 ያሉት ዙሮች በወንድሜ እጅ ተጽፈዋል። እርሱ ዛሬም በጎማ ሥራ ላይ ነው፤ ሁለቱን ፈተናዎች በራሱ ጊዜ ጨርሶአል፤ ሃንደሳይ ግን አልሆነም። ሃሚልተን በ2025 ወደ ፌራሪ ተዛወረ፤ ወንድሜ ይህን እስከ አሁን ይቅር አላለውም።