ዕቃ ሲሰበር ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ ብቻ አትበሉ

ዛሬ ስለ ሪሰትልመንት አይደለም የምጽፈው። ናይሮቢ ያለን ስደተኞች ኪራይ በጨመረ ቁጥር ቤት እንቀይራለን። በጭነት የሚሰበር ዕቃ ደግሞ እርስ በርስ እያጣላን ነው። አስተማሪ ስለሆንኩና ስዋሂሊም ስለምችል፣ ኢስሊ ውስጥ ዕቃ ጫኞችና ደንበኞች ሲጋጩ «ቲቸር፣ ና ገላግለን» ይሉኛል።

ባለፈው ሐምሌ እንጀራ ጋግራ ልጆቿን የምታሳድግ እህታችን ቤት ስትቀይር የኤሌክትሪክ ምጣዷ ሸክላ ለሁለት ተከፍሎ ወረደ። ባለመኪናው «ራሷ በደንብ አላሰረችውም» አለ። እሷ «ወርውረውት ነው» አለች። ፎቶ የለ፣ ዝርዝር የለ። በመጨረሻ ባለመኪናው የሦስቱን ተሸካሚ ልጆች የቀን ሒሳብ ያዘ። ልጆቹ መታወቂያ የላቸውም፣ ለማን ይናገራሉ? እሷም «ፖሊስ ጣቢያ እንሂድ» ሲላት ደንግጣ «ተዉት፣ ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» ብላ ተነሳች። ከምጣዱ በላይ ያመመኝ ይሄ ነው።

ሁሉንም ለየብቻ ጠየቅኳቸው። ምጣዱ የተጫነው ከፍሪጁ ሥር ነው። እንደዚያ ጫኑ ያለውም፣ በአንድ ምልልስ እንዲያልቅለት ብሎ፣ ባለመኪናው ራሱ ነው። ይሄ ሲወጣ የሸክላውን ዋጋም የልጆቹንም ሒሳብ ከፈለ። እሷ ሳትጋግር የቀረችባቸውን አራት ቀናት ግን ማንም አልካሳትም።

ስለዚህ ዕቃ የምታስጭኑ፦ ከመነሳቱ በፊት እያንዳንዱን ዕቃ በስልክ ቅረጹ። ፊት የተሰነጠቀውንም አትደብቁ። ዝርዝሩን ለባለመኪናው በዋትስአፕ ላኩለት፤ ቢሰበር ማን እንደሚከፍልም እዚያው ተስማሙ። ክፍያውን በኤምፔሳ አድርጉ፣ መልእክቱ ማስረጃ ነው። ጉዳት ካያችሁ በዚያው ቀን በጽሑፍ አሳውቁ።

የምትጭኑ ወንድሞች፦ ቅሬታ ሲመጣ «እኛ አይደለንም» ብላችሁ አትጀምሩ። ሂዱና እዩት፣ ፎቶ አንሱት፣ መልስ የምትሰጡበትን ቀን ተናገሩ። ደንበኛን የሚያስኮርፈው ከስብራቱ ይልቅ ስልክ አለማንሳታችሁ ነው። የመኪናውን ትርፍ የሚወስድ ሰው ኪሳራውንም ይሸከም እንጂ በተሸካሚ ላብ አይክፈል።

ካልተስማማችሁ ኬንያ በ2016 ባወጣችው ሕግ የተቋቋመ፣ ስሞል ክሌምስ ኮርት የሚባል ፍርድ ቤት አለ። እስከ 1 ሚሊዮን ሽልንግ የሚደርስ ክርክር ያያል፤ ሕጉ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወሰን ያዛል። ኬንያ የተቀበለችው የ1951 የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 16ም ስደተኛ ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት እንዳለው ይናገራል።

አሜሪካ ያላችሁ ዘመዶቻችንም፣ ከስቴት ወደ ስቴት ስትዛወሩ የምትፈርሙትን አንብቡ። ሙሉ ዋጋ የሚተካውን ዋስትና ትታችሁ ያለተጨማሪ ክፍያ የሚሰጠውን ከመረጣችሁ፣ የድርጅቱ ተጠያቂነት በፓውንድ 60 ሳንቲም ብቻ ነው። 40 ፓውንድ የሚመዝን ቴሌቪዥን ቢሰበር ከ24 ዶላር አያልፍም። የካሳ ጥያቄ በጽሑፍ ለማቅረብ ያላችሁ ጊዜም 9 ወር ነው።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ከአገር ስንወጣ ብዙ ነገር ያለ ካሳ ጥለን መጥተናል። እዚህ ለፍተን የገዛነውን ግን በዝምታ አንጣው። ቤት ሊቀይር ላሰበ ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት። እናንተስ ምን ገጠማችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።