ባዶ መኪና በሃረና መንገድ

ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ የመረጥሁት ከጎባ ተነሥቶ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የሳነቴን አምባ አቋርጦ፣ በሪራ በኩል ወደ ሃረና ደን የሚወርደውን የጠጠር መንገድ ነው። የደን ቡና የሚያመላልሱ መኪኖች በዝግታ የሚጓዙበት ይህ መንገድ የተለመደውን የልኬት ስልታችንን ይፈትናል ብዬ አምናለሁ።

ዓለም አቀፉ የመንገድ ሸካራነት መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1982 በብራዚል ከተካሄደ ሙከራ የመነጨ ነው። ስሌቱ አንድ ጎማ፣ አንድ ሱስታና አንድ አሞርዛተር ብቻ ያለው «ሩብ መኪና» በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ ሱስታው በየኪሎ ሜትሩ በድምሩ ስንት ሜትር እንደሚንቀሳቀስ ይነግረናል። ወደ ሃረና የሚወርድ የጭነት መኪና ግን በዚያ ፍጥነት አይጓዝም፤ ልዩነቱም ቀላል አይደለም። በየ80 ሳንቲ ሜትሩ የተደረደሩ ጉብታዎችን በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚያልፍ ጎማ በሰኮንድ 12.5 ጊዜ ይመታል። ይህ ምት የከባድ መኪና አክስል በተፈጥሮው ከሚዘልበት፣ በሰኮንድ ከ10 እስከ 15 ጊዜ ከሚሆነው ክልል ውስጥ ይወድቃል። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ግን ምቱ ወደ 28 ገደማ ከፍ ብሎ ከክልሉ ይወጣል። ስለዚህ መኪናውን አብዝቶ የሚጎዳው ጉብታ በመለኪያው ላይ ጎልቶ ላይታይ ይችላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ባሌስትራው ነው። ቅጠሎቹ እርስ በርስ ስለሚፋተጉ፣ ኃይሉ ፍትጊያውን እስኪያሸንፍ ድረስ ባሌስትራው እንደ ደረቅ ብረት ይቆያል፤ መኪናው የሚነጥረውም በጎማው ላይ ብቻ ይሆናል። ጎባ ላይ ያነጋገርኋቸው አንድ አንጋፋ ሹፌር «የተጫነ መኪና ይታገሣል፤ የሚያንገላታው ባዶው ነው» ብለውኛል። ንግግራቸው ከስሌቱ ጋር ይስማማል፤ ፍትጊያውን ለጊዜው ብንተወው እንኳ፣ በባሌስትራው ላይ ያረፈው ክብደት ወደ ሲሶ ሲቀንስ የመኪናው አካል የተፈጥሮ ምት በ1.7 እጥፍ ገደማ ያድጋል።

በመሆኑም ሞዴሉ ከአክስሉና ከጭነት ሣጥኑ ላይ በአክስለሮሜትር በሚሰበሰብ መረጃ፣ መኪናው ተጭኖም ባዶውንም፣ በሚጓዝበት ትክክለኛ ፍጥነት ሊመዘን ይገባል። ግሬደር የትኛውን ክፍል አስቀድሞ እንደሚጠርግ የሚወሰነው በቁጥር ከሆነ፣ ቁጥሩ በዚያ መንገድ ላይ የሚመላለሰውን መኪና የሚወክል መሆን አለበት። አለዚያ የልኬታችን ጉድለት ዋጋ የሚከፈለው በተሰበረ ባሌስትራና ገበያ በዘገየ ቡና ነው።