ስካነር ሳይደርሰን

ስካነር የሚባለውን ዕቃ በእጄ ይዤ አላውቅም። ዩቲዩብ ላይ ነው ያየሁት። አንቴና ያለው፣ የፖሊስ መገናኛ ሬዲዮ የሚያህል ነገር ነው። የተሞሉለትን ሞገዶች አንድ በአንድ እየዘለለ ያስስና አንዱ ላይ ሰው ሲናገር ሲያገኝ ቀጥ ብሎ ያሰማሃል። አሜሪካኖች ሳሎናቸው ቁጭ ብለው ፖሊስ ለፖሊስ የሚለውን፣ እሳት አደጋ ወዴት እንደሚሮጥ ይሰሙበታል። ይሰሙበት ነበር ማለት ሳይሻል አይቀርም። የኒው ዮርክ ፖሊስ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ማንም ሊሰማው ይችል የነበረውን ሬዲዮውን እ.ኤ.አ. በ2023 ከብሩክሊን ጀምሮ መቆለፍ ጀመረ። ድምፁ በኮድ ታስሮ ይወጣል፤ ቁልፉ የሌለው ሰው ስካነሩን ቢያቅፈው አንድ ቃል አይሰማም። እና በዚያ አገር ያለው ክርክር ይሄ ዕቃ አበቃለት ወይስ አላበቃለትም ነው።

ጥያቄውን አምቦ ላይ ሆኜ ሳስበው ትንሽ ያስቀኛል። እኛ ጋ ሳይመጣ ነው ያበቃለት። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ያለ ፈቃድ የቴሌኮም መሣሪያ የሚያስገባንም የሚይዝንም በወንጀል ይጠይቃል፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ ዕቃ በሻንጣ ይዞ ቦሌ ላይ መውረድ ቀልድ አይደለም። ደግሞስ ቢኖርህ ምን ትሰማበታለህ? አምቦ ውስጥ ሰው ሲታመም ወይ ባጃጅ ይጠራል፣ ወይ በሞባይል ለአምቡላንስ ይደወላል። ሞባይል ደግሞ ከስልኩ እስከ ማማው ድረስ ድምፁን በኮድ አስሮ ነው የሚልከው። የኒው ዮርክ ሰው ዛሬ አጣሁት ብሎ የሚያለቅስለትን ክፍት አየር እኛ ዘለነው አልፈናል።

ማዳመጥን ግን እናውቃለን። ኧረ በደንብ እናውቃለን።

የእኛ ስካነር አጭር ሞገድ ነበር። ዶይቼ ቬለ ከ1957 ጀምሮ በአማርኛ፣ የአሜሪካ ድምፅ ደግሞ ከ1988 ጀምሮ በአፋን ኦሮሞም እየተሰማ ምዕራብ ሸዋ ውስጥ ማታ ማታ ሬዲዮ የማይከፈትበት ቤት ብርቅ ነበር። ስካነሩ ራሱ ያስሳል፤ እኛ ጋ የሚያስሰው የአባቴ ጣት ነው። በ19 ሜትር ባንድ ሲታፈን ወደ 25፣ ከዚያ ወደ 31። መጋቢት 2002 ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ስርጭት ከሩዋንዳው ሚል ኮሊን ጋር አመሳስለው እንደሚታፈን በአደባባይ ሲናገሩ፣ አድማጩ ነገሩን በጆሮው ያውቀው ነበር። አፈናው እንደ ወፍጮ ያጓራል። አባዬ ጆሮውን ስፒከሩ ላይ ለጥፎ «ዝም በሉ ልጆች፣ መጣ መሰለኝ» ይለን ነበር።

እዚህ ላይ ከኒው ዮርኩ ጋር ያለው ልዩነት ይታየኛል። እዚያ የተቆለፈው ፖሊስ ለፖሊስ የሚያወራው ነው። እኛ ጋ የሚታፈነው ለእኛው የሚወራው ነበር፤ ያውም ስለ እኛው። ሚያዝያ 2006 አምቦ ላይ በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ሰው ሲሞት፣ ኅዳር 2008 ነገሩ ጊንጪ ላይ እንደ አዲስ ሲነሳ፣ ወሬው ከሰፈራችን ተነስቶ ዋሽንግተንና ቦን ደርሶ ነው ተመልሶ የሚነገረን። በ2009 መጀመሪያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲታወጅ ኢሳትንና ኦኤምኤንን መከታተል ራሱ ተከለከለ። ሰኔ 2012 ደግሞ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ጠፋ። እሱ ሰኔ 25 አምቦ ሲቀበር ልጆቹ የያዝነው ስማርት ስልክ ሁሉ ሰዓት ማያ ብቻ ነበር። አባዬ ያንን አሮጌ ሬዲዮ ከቁም ሳጥን አወጣና ባትሪ ግዙልኝ አለ።

ሬዲዮው ዛሬም ይሠራል። የጠፋው ተናጋሪው ነው። መጋቢት 2017 ላይ በአሜሪካ ፕሬዚዳንት ትእዛዝ የአሜሪካ ድምፅ ሠራተኞች ከሥራ ሲታገዱ ስርጭቱ ጸጥ አለ። ማንም አላፈነው፣ ማንም በኮድ አልቆለፈው፤ ከፋዩ መክፈል ተወ። ይሄንን ለአባዬ ማስረዳት አፈናውን ከማስረዳት ይከብዳል።

ለፖሊሶቹ ግን አልፈርድም ማለት አልችልም፣ ግማሹን እፈርድላቸዋለሁ። አምቡላንስ ውስጥ ያለች ሴት ስሟ፣ በሽታዋ፣ የቤቷ አቅጣጫ በአየር ላይ ሲነገር ጎረቤት ቁጭ ብሎ እንዲሰማ የሚፈልግ ማነው? አምቦን ለሚያውቅ ሰው፣ እንዲህ ያለ ዕቃ በየቤቱ ቢኖር ከሁለት ቀን በኋላ ዕድር ላይ ምን እንደሚወራ ግልጽ ነው። የታማሚ ስም ይቆለፍ። መንገድ መዘጋቱ፣ እሳት መነሳቱ፣ ጥይት መተኮሱ ግን ከነዋሪው የሚደበቅበት ምክንያት አይታየኝም። ሁለቱን በአንድ ቁልፍ መዝጋት ለዘጊው ይቀላል፤ ለዚህም ነው በአንድ የሚዘጉት።

ስካነሩስ? ሙሉ በሙሉ የሚሞት አይመስለኝም። አብራሪዎችና የበረራ ተቆጣጣሪዎች ዛሬም ከ118 እስከ 137 ሜጋ ኸርዝ ባለው ክፍት ሞገድ ነው የሚነጋገሩት፤ አውሮፕላኑ ራሱ ያለበትን ቦታ በ1090 ሜጋ ኸርዝ እየለፈለፈ ነው የሚሄደው። ፍላይትራዳር ላይ የምናያቸው ቢጫ አውሮፕላኖች በአብዛኛው የሚመጡት ጣሪያቸው ላይ አንቴና ከሰቀሉ ፈቃደኛ ሰዎች ነው። አየሩ ላይ የሚሰማ ነገር አለ ማለት ነው፤ ከራሳችን ጎዳና ግን አሥር ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ ነው።

ጎዳናው የራሱ ነገር አለው። ከአዲስ አበባ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለም፣ በጊንጪ አድርጎ አምቦ፣ ከዚያ ጉደር፣ ጌዶ፣ ባኮ እያለ ወደ ነቀምት በሚሄደው መንገድ ላይ የሚሠሩ ሹፌሮች ማንም ያላስተማራቸው ቋንቋ አላቸው። ከፊት የሚመጣው መብራቱን ሁለቴ ብልጭ ካደረገ ወይ ትራፊክ አለ ወይ ሌላ ነገር አለ። ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ በእጁ ይጠይቃል፣ ያኛው በእጁ ይመልሳል። ተሳፋሪው ሁሉ ያየዋል፤ ትርጉሙን ግን ሁሉም አያውቅም። ጌዶ ላይ መንገዱ ያጠራጠረው ሹፌር መጀመሪያ የሚደውለው ባኮ ላለው ጓደኛው ነው። ኔትወርክ ከሌለ ዳር ይዞ ይቆምና ከወዲያ የሚመጣውን አይሱዙ ይጠብቃል።